ማስነጠስን አፍኖ ማስቀረት ስለሚያመጣው ጉዳት

በጁባ ከተማ ዝናቡ ቆሞ በጋው ሲገባ፥ ከነጭ ዓባይ ዳር ጀምሮ እስከ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ድረስ አስፋልት ያልነካው መንገድ ሁሉ ይደርቅና፥ አቧራው ከመኪና ጎማና ከሞተር ብስክሌት ኋላ እየተነሣ በቤቱ፥ በሱቁና በመሥሪያ ቤቱ ይገባል። በየደጁ የከሰል ጢስ አለ፤ በየምግብ ቤታችን ጓዳም በርበሬ ይወቀጣል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እስከ ውሃ ቦቴ ነጂ፥ ከሆቴል ባለቤት እስከ ተማሪ ልጅ ድረስ፥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስነጥሰው የሚውል ሰው በዚህ ወራት ጥቂት ነው።

የተከበራችሁ አንባብያን፥ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ማስነጠስ ነው ስንል ፈገግ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያልና። ዳሩ ግን ልንነጋገርበት የፈለግነው ማስነጠሱን ሳይሆን ማፈኑን ነው። በስብሰባ፥ በጸሎት ቤት፥ በለቅሶ ቤት፥ ወይም በአለቃ ፊት ቆመን ሳለን ማስነጠስ ሲመጣብን፥ ነውር መስሎን አፍንጫችንን በሁለት ጣት ጨምቀን፥ ከንፈራችንንም ገጥመን፥ ሊወጣ የተዘጋጀውን አየር ወደ መጣበት እንመልሰዋለን። ይህ ነገር ለጨዋነት ተብሎ የሚደረግ ቢሆንም፥ በጆሮ፥ በጉሮሮና በደረት ላይ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም።

እኔም ካላወቁት አንዱ ነበርሁ። ልጅ ሆኜ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ በማለዳ ጸሎት ሰዓት ያስነጠሰ ተማሪ ከወንበሩ ተነሥቶ ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ በበሩ አጠገብ ይቆም ነበር። ቅጣቱ ከባድ አልነበረም፤ ነገር ግን የጓደኞቻችንን ሳቅ ስለምንፈራ፥ አፍንጫ ይዞ ማስነጠስን መዋጥ ከፊደል ጋራ አብረን ተማርን። ፊደሉ ጠቀመን፤ ሌላው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ በጁባ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ዋጋውን አስከፈለኝ። አዳራሹ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ፥ መስኮቶቹም አቧራ እንዳይገባ የተዘጉ ነበሩ። አንድ ትልቅ ሰው ስለ ቀረጥ አከፋፈል እያስረዱ ሳሉ ማስነጠስ መጣብኝ፤ እንደ ለመድሁትም አፍንጫዬን ጨምቄ ያዝሁት። ወዲያው በቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያም ሕመም ተከተለ። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ የሰው ቃል የሚሰማኝ ራሴን በውሃ ውስጥ እንደ ነከርሁ ሆኖ ነበር። ጆሮዬን በመብራት የመረመሩት ሐኪም ታምቡሩ አለመበሳቱን፥ ነገር ግን ደም መቋጠሩን ነገሩኝና፥ «ምን አድርገው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሊያስነጥሰኝ ሲል አፍንጫዬን ያዝሁት» ብላቸው፥ «ሁለተኛ እንዳይዙት፤ ለዛሬው በዕድል ተርፈዋል» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የእርሳቸው ቃል ነው።

ለመሆኑ ማስነጠስ ምንድር ነው? የአፍንጫ ውስጠኛው ቆዳ እርጥብና ስስ ነው። አቧራ፥ ጢስ፥ የበርበሬ ብናኝ፥ የአበባ ዱቄት ሲነካው ወይም ጉንፋን ሲያስቆጣው፥ የፊትን ስሜት የሚሰበስበው ትልቅ ነርቭ ወሬውን ተቀብሎ በአንጎል ግንድ ውስጥ ወዳለው ስፍራ ያደርሳል። ከዚያ የሚወጣው ትእዛዝ ፈቃዳችንን አይጠይቅም። በመጀመሪያ ሰውየው ሳያስበው ብዙ አየር ይስባል፤ ቀጥሎ በጉሮሮ ውስጥ ያለው የድምፅ በር ይዘጋል፤ የደረትና የሆድ ጡንቻዎችም የተሳበውን አየር ከየአቅጣጫው ይጫኑታል፤ በመጨረሻ በሩ በድንገት ይከፈትና አየሩ በአፍና በአፍንጫ ይወነጨፋል፤ ያስቸገረውንም ነገር ጠርጎ ያወጣል። በዚያ ጊዜ ልብ ለቅጽበት ቆማ ትመለሳለች የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም፤ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚለዋወጥ አመታቷ ጥቂት ይለወጥ ይሆናል እንጂ አትቆምም።

ከጨለማ ቢሮ ወጥቶ ወደ ጁባ የቀትር ፀሐይ ሲገባ ወዲያው የሚያስነጥሰው ሰውም አለ። ይህ ጉንፋን አይደለም። ከአራት ሰው አንዱ በሚያህለው ላይ የሚታይ፥ ከወላጅ ወደ ልጅም የሚተላለፍ ጠባይ ነው። በአሪስቶትል ስም በሚጠራው የጥያቄዎች መጽሐፍ ውስጥ እንኳ ፀሐይ ሰውን ስለምን ታስነጥሳለች ተብሎ ተጠይቋል፤ ስለዚህ በራቸው ላይ ቆመው ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያስነጥሱ ባልደረቦቻችን ከጥንት ጀምሮ ወገን አላቸው።

እንግዲህ ይህ ኀይል መውጫው ቢዘጋበት ወዴት ይሄዳል? የውሃ ቦቴ ነጂዎች ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ ሊመልሱት ይችላሉ። ሞተሩ ውሃውን እየገፋ ሳለ የቱቦው አፍ ቢታፈን፥ ቱቦው የሚፈነዳው በታፈነበት ጫፍ ሳይሆን በሳሳበት ስፍራ ነው። በሰውም አካል እንዲሁ ነው። ከጉሮሮ ጀርባ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚወስድ አንድ ቀጭን መተላለፊያ አለ፤ ምራቃችንን ስንውጥ ጆሯችን ውስጥ ጠቅ የሚለው እርሱ ሲከፈት ነው። አፍንጫና አፍ በተዘጉ ጊዜ አየሩ በዚህ መተላለፊያ ገብቶ ታምቡሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሰውየው ጉንፋን ይዞት እንደ ሆነ ደግሞ አየሩ ብቻውን አይገባም፤ ተሕዋስያን ያለበትን ንፍጥ ይዞ ይገባልና፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ጆሮው ሊመግል ይችላል። በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ ወዳሉት ባዶ ክፍሎችም እንዲሁ ንፍጥ ሊገፋ ይችላል። በዐይን ነጭ ላይና በአፍንጫ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ሊበጠሱም ይችላሉ፤ የአንዳንድ ሰው ዐይን ካስነጠሰ በኋላ ደም ለብሶ የሚታየው ስለዚህ ነው። የዐይኑ መቅላት የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ያህል ራሱ ይጠፋል።

ከዚህ የከፋው ግን በጉሮሮና በአየር ቧንቧ ላይ የሚደርሰው ነው። በዚህ ረገድ ሐኪሞች መርምረው የጻፏቸውን ሁለት ታሪኮች ለአንባብያን እናቀርባለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ የሆነና በ2018 የታተመ ነው። የ34 ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ ጤነኛ ሰው ሊያስነጥሰው ሲል አፍንጫውን ጨምቆ አፉን ዘጋ። ወዲያው በአንገቱ ውስጥ አንድ ነገር ፍንድት ሲል ተሰማው፤ አንገቱ አበጠ፥ መዋጥ አቃተው፥ ድምፁም ጠፋ። ሐኪሞች አንገቱን በእጃቸው ሲዳስሱት ከቆዳው በታች የመንኰሻኰሽ ድምፅ አገኙ፤ ይህም ከጉሮሮው አምልጦ በሥጋው መካከል የተበተነው አየር ነበር። የጉሮሮው ጀርባ ተቀድዶ ነበርና ቁስሉ እንዳይመርዝ በማለት ሰባት ቀን ያህል በአፉ ሳይበላ በቀጭን ቧንቧ ምግብ እየተሰጠው፥ የተሕዋስያን መግደያ መድኀኒትም እየወሰደ ተኛ። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠው ምክር አንድ ነበር፤ ሲያስነጥስ አፍንጫውን ሁለተኛ እንዳይዘጋ።

ሁለተኛው በስኮትላንድ በዳንዲ ከተማ የታየና በ2023 የታተመ ነው። አንድ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው የደኅንነት ቀበቶውን አስሮ መኪና ሲነዳ ማስነጠስ መጣበት፤ አፍንጫውን ይዞ አፉን ገጠመ። ወዲያው አንገቱን በጣም አመመው፤ አበጠም። በራጅ መሣሪያ ሲታይ በአየር ቧንቧው ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር በሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ተገኘ። የጻፉት ሐኪሞች እንደ ገለጡት፥ አፍና አፍንጫ በተዘጉ ጊዜ በላይኛው የአየር መተላለፊያ ያለው ግፊት እስከ ሃያ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሰውየው አተነፋፈሱና ድምፁ ደኅና ስለ ነበር ቀዶ ሕክምና አላስፈለገውም፤ ሁለት ቀን ያህል በሆስፒታል ከተጠበቀ በኋላ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ወጣ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላም ቧንቧው ድኖ ተገኘ።

እነዚህን ታሪኮች የጻፍነው ሰውን ለማስደንገጥ አይደለም። በየቀኑ ማስነጠሳቸውን የሚያፍኑ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ምንም አይደርስባቸውም። የጉሮሮ መቀደድ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ እንደ ብርቅ ነገር የሚጻፍ ነው። ይሁን እንጂ ሌስተርና ዳንዲ የተሟላ ሆስፒታልና የራጅ መሣሪያ በቅርብ የሚገኝባቸው ከተሞች መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በሩቅ መንገድ ላይ፥ ከጁባ ወደ ኒሙሌ በሚወስደው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ መካከል፥ ወይም ዝናብ መንገዱን በዘጋው ወረዳ ውስጥ ያለ ነጂ ያው ጉዳት ቢደርስበት፥ እርዳታ እስኪያገኝ ድረስ የሚያልፈው ሰዓት ሌላ ነው። ጉዳቱ ብርቅ ቢሆንም መጠንቀቂያው ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ስለ ሆነ፥ ችላ ማለት አይገባም።

በተለይ መጠንቀቅ የሚገባቸው ሰዎች አሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው፥ ጆሮው ከዚህ በፊት የታመመ ሰው፥ በጆሮ፥ በአፍንጫ ወይም በዐይን ላይ በቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አፍንጫውን ይዞ ማስነጠስን ማፈን የለበትም። በአፍንጫ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሰዎች ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር አፋቸውን ከፍተው እንዲያስነጥሱ ነው። ሆዱ ላይ የተሰፋ ሰው፥ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናትም፥ ሊያስነጥሳት ሲል ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ በቁስሉ ላይ ደገፍ አድርጋ መያዝ ይረዳታል። ጉንፋን ይዞት ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ በአውሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮው አስቀድሞ ስለሚጨነቅ፥ በዚያ ሰዓት አፍንጫን ይዞ ማስነጠስን ማፈን ከሁሉም የከፋ ነው።

አሁን አንድ አስተዋይ አንባቢ የሚያነሣው ተቃውሞ ይኖራል። «ማፈን ጎጂ ከሆነ፥ እንዳሻን በሰው ፊት እናስነጥስ ማለት ነውን?» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱም አይደለም የሚል ነው። አንዱ ራሱን ለማዳን ብሎ በጎረቤቱ ላይ በሽታ ሊበትን አይገባውም። ይህን የኢትዮጵያ ሕዝብ በመራራ መንገድ ተምሮታል። በ1911 ዓ.ም. ማለት በ1918 በዓለም ሁሉ የተነሣው ኢንፍሉዌንዛ በኅዳር ወር አዲስ አበባ ገብቶ፥ በከተማይቱ ብቻ እስከ ዐሥር ሺህ የሚደርስ ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታምመው ድነዋል። የኅዳር በሽታ የተባለው እርሱ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት የ«ኅዳር ሲታጠን» ልማድም የዚያ መታሰቢያ ነው ይባላል። ቆሻሻ መጥረጉ መልካም ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው ከቆሻሻ ክምር ሳይሆን፥ የታመመ ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ፥ ሲናገርም ከሚወጣው ጠብታ ነው።

ለጁባ ነዋሪ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» የሚባለው አገር ደቡብ ሱዳንንም ያካትታል፤ በሽታውም የሚበረታው በዚሁ አቧራና ደረቅ ነፋስ ባለበት በበጋ ወራት ነው። ከ2010 ጀምሮ ለአፍሪካ ተብሎ የተዘጋጀ ክትባት በመሰጠቱ «ሀ» የተባለው ዓይነት እጅግ ቀንሷል፤ ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አልጠፉም። የኮሮና በሽታም በኢትዮጵያ መጋቢት 13 ቀን 2020፥ በደቡብ ሱዳን ሚያዝያ 5 ቀን 2020 (ሁለቱም በአውሮፓ ወር ቁጥር) ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገኘ በኋላ ምን ያህል ጭንቀት እንዳመጣ ሁላችንም እናስታውሳለን። ኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፉት በትንፋሽ ነው።

የአንድ ሰው ማስነጠስ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1940ዎቹ መጀመሪያ እጅግ ፈጣን በሆነ የመብራት ብልጭታ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ በሺህ የሚቆጠር ጠብታ ከአፍ ሲፈናጠር ይታያል። በዚያው ተቋም የሚሠሩት ሊዲያ ቡሩይባ የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ በ2020 እንዳስታወቁት፥ ጠብታው ለየብቻው ብቻ አይወድቅም፤ ሞቃትና እርጥብ በሆነ አየር ውስጥ እንደ ደመና ተጠቅልሎ እስከ ሰባትና ስምንት ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ይህ ማለት በአንድ ጠባብ የስብሰባ አዳራሽ በኋለኛው ወንበር የተቀመጠ ሰው በግልጥ ቢያስነጥስ፥ በፊተኛው ጠረጴዛ ያሉት ሊቀ መንበር ከዚያ አየር ሊደርሳቸው ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ማፈንም ማዝረክረክም ሳይሆን፥ ኀይሉን ማውጣት፥ ጠብታውን ግን መያዝ ነው። ማስነጠስ ሲመጣ ፊትን ከሰውና ከምግብ ማዞር፤ አፍን ጥቂት መክፈት፤ አፍንጫውን ሳይጨምቁ መሐረብ ወይም ወረቀት በአፍና በአፍንጫ ፊት ላላ አድርጎ መያዝ ይገባል። መሐረብ ያልያዘ ሰው በክርኑ እጥፋት ውስጥ ያስነጥስ። ብዙዎቻችን መዳፋችንን እናደርጋለን፤ ነገር ግን በዚያው መዳፍ ወዲያው የሰው እጅ እንጨብጣለን፥ ብር እንቈጥራለን፥ እንጀራ እንቈርሳለን። እጅን በሳሙና መታጠብ ይህን ያስተካክለዋል፤ ይሁን እንጂ ውሃ ከቦቴ በበርሜል እየተገዛ በሚኖርበት ቤት ሰው ባስነጠሰ ቍጥር ይታጠባል ብሎ መጻፍ ማስመሰል ይሆናል። ክርን የተመረጠው ስለዚህ ነው፤ ክርኑን ለሰላምታ የሚዘረጋ ሰው የለምና። በመሐረብ የሚጠቀም ሰውም በየቀኑ ያጥበው፤ የአንድ ሳምንት ንፍጥ የተጠራቀመበት መሐረብ በኪስ ውስጥ የተቀመጠ በሽታ ነው።

በእውነት ዝም ማለት የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢሆን፥ ጉዳት የሌለው አንድ ዘዴ አለ። ማስነጠሱ ገና መኰርኰር ሲጀምር የላይኛውን ከንፈር ከአፍንጫ በታች ባለው ስፍራ በጣት ጠበቅ አድርጎ መጫን፥ ወይም አፍንጫን በውጭ በኩል ማሸት ስሜቱን ብዙ ጊዜ ያበርደዋል። ይህ ከማፈን የተለየ ነው፤ ማፈን የተነሣውን ኀይል መዝጋት ሲሆን፥ ይህ ግን ኀይሉ ሳይነሣ ወሬውን ማቋረጥ ነው። አየሩ አንድ ጊዜ ተስቦ ደረት ከሞላ በኋላ ግን ዘዴው አይሠራም፤ ያን ጊዜ መተው ነው። ንፍጥም ሲናፈጡ ሁለቱን ቀዳዳ በአንድነት በኀይል ከመግፋት አንዱን ዘግቶ ሌላውን በቀስታ ማውጣት ለጆሮ ይሻላል።

ስለ ነውርነቱም አንድ ቃል ልንጨምር እንወዳለን። በአገራችን ልማድ ሰው ሲያስነጥስ አጠገቡ ያለው «ይማርህ»፥ ለሴት «ይማርሽ»፥ ለትልቅ ሰው «ይማርዎ» ይላል፤ ያስነጠሰውም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። በጁባ የሚኖሩ ሙስሊሞች ወንድሞቻችን ያስነጠሰው ሰው አላህን ሲያመሰግን ምሕረትን ይለምኑለታል፤ በማስነጠስም ጊዜ ፊትን በእጅ ወይም በልብስ መሸፈንና ድምፅን ዝቅ ማድረግ በሃይማኖታቸው ትምህርት ውስጥ አለ። የግሪኩ ጸሐፊ ክሴኖፎን እንደ ተረከው ደግሞ በ401 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በፋርስ አገር መሪዎቻቸው የተገደሉባቸው ወታደሮች ተሰብስበው ሲመክሩ አንዱ ቢያስነጥስ፥ ሁሉም እንደ መልካም ምልክት ቈጥረውት ነበር። እንግዲህ ያስነጠሰን ሰው መመረቅ ከጥንት የመጣ ከሆነ፥ በቢሮና በአዳራሽ ውስጥ አፍንጫውን ይዞ ዐይኑ እስኪቀላ እንዲታገል የሚያስገድደው ነውር ከየት እንደ መጣ አልገባኝም። ከእኛ ትምህርት ቤት የበር አጠገብ ቅጣት የመጣ ይመስለኛል።

ለሹማምንትና ለመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የሚሆን ነገርም አለ። ስብሰባ የሚመሩ ሰው በመጀመሪያው ላይ፥ «ማስነጠስ ወይም ሳል የመጣበት ያለ ፈቃድ መውጣት ይችላል» ብለው ቢናገሩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በኋለኛው ወንበር ያለውን ወጣት ጸሐፊ ግን ከብዙ ጭንቀት ያሳርፈዋል። ጉንፋን የጠናበት ሠራተኛ ሁለት ቀን በቤቱ ቢቈይ፥ መሥሪያ ቤቱ የሚያጣው የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ቢመጣ ግን በሳምንቱ የሚቀረው ብዙ ሰው ነው። ብዙ ሰው በሚገባበት ክፍል ውስጥ መስኮቶቹ በሁለት በኩል ይከፈቱ። አቧራውን ፈርተን ከዘጋናቸው የሰውን ሁሉ ትንፋሽ አብረን እንዘጋለን፤ ስለዚህ ከስብሰባው በፊትና በዕረፍት ሰዓት እንኳ መከፈት አለባቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መጥረጊያው ነው። በብዙ መሥሪያ ቤትና በገበያ ውስጥ ጠራጊዎች በደረቅ መጥረጊያ ወለሉንና ደጁን የሚጠርጉት ልክ ሠራተኛውና ገበያተኛው በሚገባበት ሰዓት ነው። አቧራው ከመሬት ተነሥቶ ወደ አፍንጫ ይሄዳል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ተመልሶ በዚያው ወለል ላይ ያርፋል። ከመጥረግ በፊት ጥቂት ውሃ ቢረጭ፥ ጥረጋውም ሰው ሳይገባ በማለዳ ቢጨረስ፥ የማስነጠሱ ግማሽ እዚያው ይቀራል። ውሃው ውድ ነው እንዳይባል፥ ልብስ የታጠበበት ውሃ ለደጁ ይበቃል። ለጠራጊው ራሱ፥ እህል ለሚያበጥሩና በርበሬ ለሚወቅጡ ሴቶችም፥ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ንጹሕ ጨርቅ ያስፈልጋቸዋል።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ማስነጠሱን ካፈነ በኋላ አንገቱ ያበጠ፥ ሲዳሰስ ከቆዳው ሥር የሚንኰሻኰሽ፥ ድምፁ የተለወጠ፥ ሲውጥ ወይም ሲተነፍስ ደረቱን የሚወጋው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ እስኪታይም ድረስ አይብላ። ድንገተኛና ኀይለኛ የራስ ምታት የያዘውም እንዲሁ አይዘግይ። ከጆሮው ደም ወይም ውሃ የወጣ፥ መስማት የቀነሰበት ወይም ዓለም የሚዞርበት ሰውም መታየት አለበት። ዘይት፥ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ በጆሮ ውስጥ ማንጠብጠብ ግን ክልክል ነው፤ ታምቡሩ ተበስቶ እንደ ሆነ የተንጠባጠበው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባልና። የተበሳ ታምቡር ውሃ ሳይነካው ከተጠበቀ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይገጥማል።

በየቀኑ በማለዳ በተከታታይ የሚያስነጥሰው፥ ዐይኑን የሚያሳክከውና ቀጭን ንፍጥ የሚፈሰው ሰው ጉንፋን ሳይሆን የአቧራ ወይም የአበባ ዱቄት አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም በሐኪም የሚታዘዝ መድኀኒት ስላለ ዓመት ሙሉ መሠቃየት አያስፈልግም። ከመድኀኒቶቹ አንዳንዶቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ፥ ነጂዎች ከመውሰዳቸው በፊት ይጠይቁ።

ሕፃናትን በሚመለከት እናቶች አንድ ነገር ያስተውሉ። ጉንፋን ሳይኖረው ደጋግሞ የሚያስነጥስ፥ ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚገማ ንፍጥ የሚወጣው ልጅ፥ ባቄላ፥ ኦቾሎኒ ወይም ዶቃ በአፍንጫው ከትቶ ሊሆን ይችላል። በጣት ወይም በወረንጦ ለማውጣት መሞከር ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በተለይ የራዲዮና የሰዓት ክብ ባትሪ ከሆነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ስለሚያቃጥል፥ ሌሊትም ቢሆን ነገ ሳይባል ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።